ሞላ ጨምርበት!

የዕድራችን ድንኳን ለቅሶ ቤት የሚደርሰው በአንዲት አሮጌ ማርቸዲስ ነው። ባለንብረቱ ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ናቸው። ከብዙ ዓመታት በፊት ከአንድ የውጭ ድርጅት በጨረታ የገዟት፣ ከኋላዋ ረዘም ብላ ጀርባዋ ወደ ላይ እንደ መዝጊያ የሚከፈት ዓይነት ነች። የድንኳኑ ሸራና ብረት፣ ሁለቱ ትልልቅ ድስቶች፣ ቦታ ከጠፋም የዕድሩ ጸሐፊ ከኋላ ይጫናሉ። ለቅሶ በሌለ ሳምንት ደግሞ ሰውየው ሚስታቸውን ሐኪም ቤት ያመላልሱባታል። ሚስታቸው የጀርባ አጥንት ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ወዲህ ከቤታቸው እስከ ሆስፒታሉ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆጥሩታል።

አንድ ቀን ሴትየዋ ከሕክምና ሲመለሱ፣ «ይቺ መኪና ጋሪ ሆናለች፤ ከዚህ በኋላ በእግሬ እሄዳለሁ» አሉ። እውነታቸውን ነበር። መኪናዋ ጠጠር በረገጠች ቁጥር ከኋላዋ እንደ ኳስ ትነጥራለች። ድንኳኑ ሲጫን ደግሞ ቁጭ ትላለች። ኋላዋ ሲሰምጥ አፍንጫዋ ቀና ይላል፤ የፊት መብራቷም መንገዱን ትቶ የመጪውን ሾፌር ዓይን ይመታል። ማታ ማታ ከፊት የሚመጣው ሁሉ መብራት ሲያበራባቸው፣ ሰውየው «ዕድርተኛው ሁሉ ያውቀኛል» እያሉ በመብራት አጸፋ ሲመልሱ ከርመዋል።

ከዚያ ጋራዥ ተጀመረ።

የመጀመሪያው ጋራዥ ገና መኪናዋ ከበር ሳትገባ «ሾክ አብሶርበር ነው» አለ። አዲስ ሾክ ተገዛ። አሮጌው ሊፈታ ሲል ግን አናቱ ላይ ቀጭን የብረት ቱቦ ሲገባበት ተገኘ። በዓለም ላይ ሾክ ተብሎ ከሚታወቀው ነገር ውስጥ ቱቦ የሚገባበት መካኒኩ አይቶ አያውቅም። ቱቦው ከየት መጣ? ወዴት ይሄዳል? ብሎ የጠየቀ የለም። የፈታውን መልሶ አሰረና «ይሄ የጀርመን ተንኮል ነው» ብሎ ሸኛቸው። በዚያውም ዘይት የጎደለ መስሎት የፍሬን ዘይት ሊጨምርበት ሲል፣ ሻይ ሊጠጣ የሄደው ጓደኛው ደርሶ ቁልፍ ስለፈለገበት ተረሳ። ይህ መርሳት ምን ያህል እንደጠቀማቸው ኋላ እናያለን።

ሁለተኛውን ጋራዥ የጠቆምኩት እኔ ነኝ። ጥፋቴን ከአሁኑ ልናዘዝ። እዚያ ያገኘነው ባለሙያ ፈጣን ነው። መኪናዋን ከኋላ ሁለቴ ወዘወዘና ውሳኔውን ለረዳቱ በሁለት ቃል ነገረው፤ «ሞላ ጨምርበት!» የፋብሪካዋ ሞላ ወጥቶ፣ ጭነት ከለመደ ከሌላ መኪና የተወሰደ ወፍራም ሞላ ገባ። ማታውኑ ተረከብናት። ኋላዋ እንደሚዋጋ በግ ከፍ ብሏል። እኔም «አሁን ገና መኪና ሆነች!» ብዬ አጨበጨብኩ። በማግስቱ ሴትየዋ ሆስፒታል ሄደው ሲመለሱ ሁለት ቀን ከአልጋ አልተነሱም።

ሦስተኛው ጋራዥ ቱቦውን ከነምንጩ አየ። አይቶም ይቆረጥ አለ። ቱቦው ይቆረጥ፣ ጫፉ ይደፈን፣ ፓምፑም ከሞተሩ ላይ ይውረድ። «አባቴ፣ ይሄ ትርፍ ነገር ነው፤ ሌላው መኪና ያለዚህ ይሄድ የለም?»

እውነት ትርፍ ነገር ነው? እስቲ ነገሩ ምን እንደሆነ እንየው።

መኪናዋ ፋብሪካው 123 በሚል ቁጥር ከሚጠራቸው ወገን ነች። ይህ ወገን ከ1976 እስከ 1986 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ገበያ ላይ ሲቆይ 2.7 ሚሊዮን ያህል ተመርቷል፤ ከኋላ ረጅሟ ግን 200 ሺህ እንኳ አትሞላም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው በ1977 በፍራንክፈርት የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ዓላማዋ ሁለት ነበር፤ በሥራ ቀን ዕቃ ልትጭን፣ በበዓል ቀን ቤተሰብ ልታንሸራሽር። እዚህ ላይ መሐንዲሱ ይቸገራል። ሞላውን ለባዶዋ መኪና ካለሰለሰው፣ ጭነት ሲመጣ ትሰምጣለች። ለጭነት ካጠነከረው ደግሞ ባዶዋን ስትሄድ የተሳፋሪውን ወገብ ትሰብራለች።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ለስላሳው ሞላ ባለበት ይቀመጣል። ጭነት ሲመጣ የሚያግዘው ዘይት ነው። ሞተሩ የሚያሽከረክረው ትንሽ ፓምፕ ዘይቱን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ዘይቱም ሾክ በሚመስሉት ሁለት ሲሊንደሮች ገብቶ የመኪናዋን ጀርባ ቀና ያደርጋል። በየጎኑ ደግሞ አንዳንድ የብረት ኳስ አለ። ኳሱ ውስጥ የላስቲክ ሽፋን ተዘርግቷል፤ ባንድ ወገን ናይትሮጅን ጋዝ፣ በሌላው ወገን ዘይት። ዘይት ቢጨምቁት እሺ አይልም፤ ጋዝ ግን ተጨምቆ መልሶ ይዘረጋል። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ዘይቱ ኳሱ ውስጥ ገብቶ ጋዙን ይጫነዋል፣ ጋዙም መልሶ ይገፋዋል። ተሳፋሪው የሚሰማው ልስላሴ ይኸው ነው።

አንድ ነገር ቀረ። ዘይቱ መቼ ይግባ፣ መቼ ይመለስ? ይህን የሚወስን አንድ ቫልቭ ከመኪናዋ ሆድ ሥር ተቀምጧል። ቫልቩ ራሱ ዓይን የለውም። ስለ ጭነቱ የምትነግረው ከስታብላይዘሩ ብረት ጋር የምታገናኘው፣ የእርሳስ ያህል ውፍረት ያላት አንዲት ዘንግ ነች። ጀርባዋ ዝቅ ሲል ዘንጓ የቫልቩን እጀታ ትገፋለች፤ ቫልቩ «ጭነት መጣ» ብሎ ዘይት ያስገባል። ጭነቱ ሲወርድ በተቃራኒው ትጎትተዋለች፤ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል።

ሐሳቡ ከጀርመኖቹ በፊት የፈረንሳዮች ነው። ሲትሮኤን ይህን የዘይትና የጋዝ ጥምረት በ1954 (እ.ኤ.አ.) በአንዲት መኪናው የኋላ እግር ላይ ብቻ ሞከረው። በዓመቱ ዲ ኤስ የተባለችውን ዝነኛ መኪና በአራቱም እግሯ በዚሁ አቆማት። ፖል ማዤስ የተባለ ባለሙያቸው ነበር የደከመበት። እነሱም ቢሆኑ ሲጀምሩ ተቸግረዋል። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ቀይ ዘይት ነበር የሚጠጡት፤ ዝገት አስቸገረ። ከ1966 መገባደጃ ጀምሮ በአውሮፓ በአረንጓዴ የማዕድን ዘይት ቀየሩት። ለቀዩ የተሠራ ጎሚኒ አረንጓዴውን፣ ለአረንጓዴው የተሠራው ቀዩን አይችልም። ማርቸዲሷም የምትጠጣው የራሷ የማዕድን ዘይት አላት። የፍሬን ዘይት ቢጨመርባት ጎሚኒው ሁሉ አብጦ ከጥቅም ውጭ ይሆን ነበር። የመጀመሪያው ጋራዥ ሻይ ባይጠራው ኖሮ ታሪካችን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

አሁን ወደ «ሞላ ጨምርበት» እንመለስ። ወፍራሙ ሞላ ሲገባ የመኪናዋ ጀርባ ከልኩ በላይ ከፍ አለ። እንዲህ ከፍ ባለ ጀርባ ላይ ጤነኛ ቫልቭ ቢኖር የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘይቱን ሁሉ ወደ ማጠራቀሚያው መልሶ ሥራ መፍታት። ለጭነት እንድትላመድ ተብሎ የተሠራው መላ ወደ ጡረታ ይወጣል ማለት ነው። መኪናዋ ዓመት ሙሉ ድንኳን እንደተሸከመች ሆና ትኖራለች። ድንኳኑ የሚጫነው በወር አንዴ ነው፤ የሴትየዋ ወገብ ግን በየሳምንቱ ሆስፒታል ይሄዳል።

አራተኛውን መካኒክ ያገኙት ሰውየው ራሳቸው ናቸው። እኔን ከዚያ ወዲያ አላማከሩኝም፤ ልክ ናቸው። በዕድሜ የገፋ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ቦርሳውን ሳይከፍት ጠየቀ፤ «የምትነጥረው ባዶዋን ነው ስትጫን? የምትሰምጠው ሞተር ጠፍቶ ነው እየሠራ?» ቀጥሎ «የራሷ ሞላ የት አለ?» አለ። ሰውየው አሮጌ ዕቃ አይጥሉም፤ ሚስታቸው ዘወትር የሚያሟቸው በዚሁ ነው። ሞላው ከአልጋ ሥር ተገኘ። የራሷ ሞላ ተመልሶ ገባላት።

ከዚያ ሞተሩ ተነሳ። ሁለት ረዳቶቹን ከኋላ አስቀመጣቸውና እጁን አጣጥፎ ቆሞ አየ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ጀርባዋ አልተነሳም። ከሥር ገብቶ ባትሪውን አበራ። ያቺ እርሳስ የምታህለው ዘንግ አንድ ጫፏ ተሰብሮ ተንጠልጥላለች። የቫልቩን እጀታ በጣቱ ገፋ አደረገና ጠበቀ። መኪናዋ ሁለቱን ረዳቶች እንደተሸከመች ቀስ ብላ ቀና አለች።

«ፓምፑም ደህና ነው፣ ቫልቩም ደህና ነው፤ የሚነግረው ነው ያጣው» አለ።

የመንጠሩ ነገር ሌላ በሽታ ነበር። የሁለቱም ኳሶች ጋዝ በዘመን ብዛት አልቋል፤ ውስጣቸው ዘይት ብቻ ቀርቷል። ያ ዘይት ደግሞ መጨመቂያ ስለሌለው ጎማው የረገጠውን ጠጠር ሁሉ በቀጥታ ወደ ወንበሩ ይልካል። ሾኩም፣ ሞላውም፣ ቱቦውም በነገሩ የሉበትም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው።

ኳሶቹን ጀርመን የምትኖረው ልጃቸው ላከች። ሦስት ወር ተጠበቀ። ዘንጓን መካኒኩ ቶርኖ ቤት ወስዶ አዲስ ጫፍ አሠራላት። ሥራው የተሠራ ቀን እኔም ሄጄ አየሁ። መጀመሪያ ሞተሩን አጠፋ። ቫልቩ ላይ ካለችው ማስተንፈሻ ብሎን ቀጭን ጎማ አጥልቆ ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ አስገባና ብሎኗን ላላ አደረጋት። ቡና የመሰለ ዘይት እየጮኸ ወረደ። «ግፊቱ ሳይወጣ አንድ ዳዶ አትንኩ» አለ ለረዳቶቹ፤ የዚያን ቀን ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማሁት እዚህ ላይ ብቻ ነው። ኳሶቹ ተቀየሩ። የዘይት ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለችው ማጣሪያም ተቀየረች። ትክክለኛው ዘይት ተሞላ። በመጨረሻ የዘንጓን ርዝመት በጥቂቱ እያጠበቀና እያላላ የመኪናዋን ጀርባ ልክ አስያዘው። የጀርባዋ ከፍታ የሚወሰነው በዚያች ዘንግ ርዝመት ነው፤ በሞላ ውፍረት አይደለም።

እኔ ይህን ሁሉ የማወራው የመኪና ነገር ስለሚጥመኝ አይደለም። «ሞላ ጨምርበት» የምንለው መኪናን ብቻ ስላልሆነ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ባለጉዳይ ሲበዛበት ምን ያደርጋል? ጥበቃ ይጨምራል፣ ገመድ ይወጥራል፣ «ያለ ቀጠሮ መግባት ክልክል ነው» ይለጥፋል። ባለጉዳዩ ለምን በዛ? አንዱ ጉዳይ ለምን አምስት ጊዜ ያመላልሳል? የሚል አይገኝም። ተማሪ ሲወድቅ የጥናት ሰዓት እንጨምርበታለን፣ ልጅ ሲያስቸግር ቁጣ እንጨምርበታለን። ችግር ሲመጣ እጃችን የሚሄደው ወደሚጠነክረው ነገር ነው። የጠነከረ ነገር ደግሞ ለጊዜው ያምራል፤ ማታውኑ ጀርባዋ ከፍ ብሎ ይታያል። የሚያመው በማግስቱ ነው፣ ያውም ላጨበጨበው ሰው አይደለም።

ያቺን ዘንግስ? በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር የተሰቀለችውን የአስተያየት መስጫ ሳጥን አስቡ። ቁልፏ ዝጓል፤ አንዳንዷ ውስጥ ያለው ወረቀት የተጻፈው ከሁለት ሥራ አስኪያጅ በፊት ነው። ጭነቱ የት እንደከበደ የሚናገር ሰው በየቦታው ይኖራል፤ ብዙ ጊዜም ቀጭን ነው፣ ደመወዙም ቀጭን ነው። «ነገረኛ» ተብሎ ከተሰበረ በኋላ ከላይ ያለው ፓምፕ ምንም ቢበረታ ጥቅም የለውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶቻችን። በሽታውን የሚናገረውን የሰበረስ ምን ሊባል ነው?

ይሁንና ጋራዦቹን ብቻ መውቀስ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሆናል። ብዙው መካኒካችን ሙያውን የተማረው በልጅነቱ ቁልፍ እያቀበለ ነው። የመኪናውን መጽሐፍ የሰጠው የለም፤ ቢሰጠውም በማያነበው ቋንቋ ነው የተጻፈው። መለዋወጫውን ፍለጋ ሱማሌ ተራ ቢሄድ የሚያገኘው ከሌላ መኪና የወለቀ ነው። በዚያ ላይ እኛ ባለመኪኖች አለን። ጠዋት አስገብተን ለማታ እንፈልጋለን። «ቀላል ነገር አድርግልኝ» እንላለን። ዕቃ ሲቀየር ያለ ብዙ ክርክር እንከፍላለን፤ መካኒኩ ግማሽ ቀን ከሥር ተኝቶ ምክንያቱን ሲፈልግ ቢውል ግን «ምን ሠራህና?» እንለዋለን። ሞላ ይታያል፣ ይዳሰሳል፣ ዋጋ አለው። ማሰብ ደረሰኝ የለውም። እንግዲህ መካኒኩ ልጆች አሉት፤ የሚከፈልበትን ነው የሚሠራው። ሁለተኛውን ጋራዥ እንዲህ ፈጣን ያደረግነው እኔና መሰሎቼ ነን።

ነገሩ ደግሞ እየባሰበት ነው የሚሄደው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ክፉኛ አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። የአዋጁን መልካምነትና ክፋት ለሚመለከታቸው ልተወው። እኔን የሚገባኝ፣ ግቢያችን ውስጥ የቆሙት አሮጌ መኪኖች ከእኛ ጋር ብዙ ዓመት እንደሚኖሩ ነው። ቱቦ እየቆረጥንና እየደፈንን ከሄድን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስማቸው ብቻ የቀረ ጋሪዎች እንነዳለን። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ፣ አንዴ የተቆረጠውን ነገር ቀጥሎ የሚመጣው ልጅ መኖሩንም አያውቅም። «ሌላው መኪና ያለዚህ ይሄድ የለም?» ብሎ ሥራውን ይጀምራል።

ባለፈው ሳምንት ከሰፈራችን አንድ ሰው አርፎ ድንኳኑ ተጫነ። ሸራው፣ ብረቱ፣ ድስቶቹ፣ ከላይ የዕድሩ ጸሐፊ። መኪናዋ መጀመሪያ ዝቅ አለች። ሞተሩ ሲነሳ ትንሽ አሰበችና ቀስ ብላ ቀና አለች። ማታ ሲመለሱ ከፊት የሚመጣ ሾፌር አንድም መብራት አላበራባቸውም። ሰውየው መጀመሪያ ቅር ብሏቸው እንደነበር ነግረውኛል።

ሚስታቸውም ትናንት ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ከኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ያቺ የሚቆጥሯት ጉድጓድ ሁሉ ሳትቆጠር አለፈች። ሰውየው በር ላይ ሲደርሱ ሊቀሰቅሷቸው ሳስተው ሞተሩን አጥፍተው ሩብ ሰዓት ያህል አብረዋቸው ተቀምጠዋል።

ዛሬ ጠዋት ሒሳቡን ሊዘጉ ሄዱ፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። መካኒኩ የቶርኖውን፣ የማጣሪያውን፣ የዘይቱን፣ ኳሱን የፈታበትንና ያሰረበትን ደመረ። ሰውየው ከፈሉና፣ «የማየትህስ? ያን ዕለት ከሥር ገብተህ የዋልክበት ስንት ነው?» አሉት።

መካኒኩ ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝ። ጥያቄው አልገባውም።